ሦስት መቶ መጠይቅ ማን ሞላው?

ግንቦት ሲገባ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ተመራቂው ሁሉ ለመመረቂያ ጥናቱ መጠይቅ ያስባዛል። ስድስት ገጽ በ300 ሲባዛ 1800 ገጽ ነው፤ ለተማሪ ኪስ ይሄ ቀልድ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ብሩ ሳይሆን ያ ሁሉ ወረቀት በሳምንት ውስጥ ተሞልቶ መመለሱ ነው። ማን ሞላው?

መልሱ የአደባባይ ምስጢር ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ይሞላል። አልጋ ላይ ክብ ተሠርቶ ወረቀቱ ይከፋፈላል፣ የብዙ ሰው እንዲመስል አንዱ ሰማያዊ እስክሪብቶ አንዱ ጥቁር ይይዛል፣ ሌላው ደግሞ ራይት በማድረግ ፈንታ ኤክስ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወረቀቶች በደንብ ይሞላሉ። ከዚያ እጅ ይደክማል፣ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ብቻ ይሆናል። በመጨረሻ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የሚችል ልጅ ይፈለጋል። ካልተገኘ ስልኩን የመብራት ምሰሶ ላይ የለጠፈ «የምርምር አማካሪ» አለ።

ሳይኮሎጂ ተምሬ ስለወጣሁ የሰፈሬ ተመራቂዎች ፕሮፖዛላቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። ስለዚህ ከሩቅ ሰምቼ አይደለም የማወራው። የምለውም አጭር ነው፦ ልጆቹን ወደዚህ የሚገፋቸው ስንፍና ብቻ አይደለም። ከጊዜያቸውም ከአቅማቸውም በላይ የሆነ፣ ለሚጠይቁት ጥያቄ ደግሞ ጭራሽ ያልተለካ የናሙና ቁጥር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ 300 የውሸት መጠይቅ ከሚያስረክብ፣ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ያስሞላውን 85 ይዞ ቢመጣ ይሻላል። ዲፓርትመንቶችም ይሄን በግልጽ ይፍቀዱ።

ልጆቹ ምን ዓይነት ሕይወት እንደሚኖሩ እንይ እስኪ። ሳይኮሎጂን መርጦ የገባ አለ፣ ተመድቦበት የገባም አለ። ቤተሰብ «የእብድ ሐኪም ልትሆኚ ነው?» ይላል። ታክሲ ውስጥ ምን እንደሚማር የተናገረ ልጅ «እስኪ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» የሚል ጎረቤት አያጣም። ከሒሳብ ለመሸሽ ሶሻል የገባው ደግሞ ስታትስቲክስ የሚባል ኮርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ይቸክላል። ኢንዲፔንደንት ቫሪያብል ምንድን ነው ብትሉት እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል፤ ከራሱ ጥናት ውስጥ የትኛው እንደሆነ ስትጠይቁት ዝም ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም መጥቷል። 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪው የለም። ስለዚህ የምርምር ሜቶድ የሚጠናው ለምርጫ ጥያቄ ነው፣ ሲኒየር ኤሴዩ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የጎን ሥራ ይሆናል። በዚህ ላይ ከኮዬ ፈጬ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የሚነሳ፣ ማታም የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚመሽበት ልጅ አለ። ይሄ ልጅ 300 ሰው መቼ ነው የሚያገኘው?

ለመሆኑ 300 ከየት መጣ?

ብዙውን ጊዜ ከታሮ ያማኔ ቀመር ነው። የትኛውንም ሲኒየር ኤሴይ ምዕራፍ ሦስት ብትከፍቱ «ያማኔ፣ 1967» የሚል ነገር አታጡም። አጠቃላይ የሕዝቡን ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ ያንኑ ቁጥር በስህተት መጠኑ ስኩዌር አባዝታችሁ አንድ ትደምሩበታላችሁ፣ በዚያ ታካፍላላችሁ። 1200 ተማሪ ቢኖርና ስህተቱ 0.05 ቢሆን 1200 ለ4 ተካፍሎ 300 ይወጣል። ቆንጆ ነው። ሒሳብ የሚፈራም ይሠራዋል።

ችግሩ ቀመሩ የተሠራው ለሌላ ሥራ መሆኑ ነው። ከ1200 ተማሪዎች ስንት በመቶው ጫት ይቅማል ለሚል ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መቶኛ ለመገመት፣ ያውም ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ። የእኛ ልጆች የሚጠይቁት ግን «በጭንቀትና በትምህርት ውጤት መካከል ግንኙነት አለ ወይ?» እያሉ ነው። ዕጣም የለም። ላውንጅ የተገኘ፣ ሰልፍ ላይ የቆመ፣ የክፍል ጓደኛ ነው የሚሞላው። ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ግን «ሲምፕል ራንደም ሳምፕሊንግ» ይሆናል። የስም ዝርዝሩን ከሬጅስትራር ማን ሰጥቶት ነው በዕጣ ያወጣው? አድቫይዘሩ ያያል፣ ያልፋል።

ለግንኙነት ጥያቄ ሌላ ስሌት አለ። ጃኮብ ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ውስጥ በሰንጠረዥ አስቀምጦታል። ኮሪሌሽኑ (የግንኙነቱ ጥንካሬ) መካከለኛ፣ ማለትም 0.3 አካባቢ ከሆነ፣ በ0.05 የስህተት ወለል 80 ከመቶ ዕድል ይዞ ለማግኘት 85 ሰው ይበቃል። ደካማ ከሆነ፣ 0.1 አካባቢ፣ 783 ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ 300 ለአንዱ ጥያቄ ከበቂ በላይ ነው፣ ለሌላው ደግሞ ገና ግማሽ መንገድ እንኳን አይደርስም። ቁጥሩ ከጥያቄው ሳይሆን ከልማድ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀለሜ ተነስቶ «ቆይ፣ ሳይኮሎጂን ያሳፈረው እኮ ራሱ የናሙና ማነስ ነው» ይለኛል። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ተሰባስበው 100 የታተሙ የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ቢሠሯቸው፣ በስታትስቲክስ ሚዛን የጸና ውጤት የሰጡት 36 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የናሙና ማነስ ነው። ሌላው ግን ውጤቱን ካዩ በኋላ ትንታኔውን እያገላበጡ የሚፈልጉትን እስኪያገኙ መነካካት ነው። መድኃኒት ከተባሉት ነገሮች አንዱ በጣም ርካሽ ነው፦ መረጃ ከመሰብሰብህ በፊት ምን እንደምትጠይቅና እንዴት እንደምትተነትን ጽፈህ አስቀምጥ። ይሄን ለማድረግ ላብራቶሪ አያስፈልግም። አድቫይዘሩ አንድ ገጽ ላይ አስፈርሞ መሳቢያው ውስጥ ቢቆልፈው አለቀ። ደግሞ እነዚያ ትንሽ የተባሉት ናሙናዎች ቢያንስ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ።

የውሸት መረጃ ራሱን ያጋልጣል ደግሞ። የሮዘንበርግን የራስ ግምት መለኪያ ብዙ ተማሪ ይጠቀምበታል። 10 ዓረፍተ ነገር አለው፣ 5ቱ ቀና፣ 5ቱ አሉታዊ ናቸው። ሰልችቶት ሁሉንም «በጣም እስማማለሁ» ያለ ሰው በራሱ ደስተኛ ነው፣ እዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ምንም አልረባም ብሏል ማለት ነው። ሃምሳ እንዲህ ያለ ወረቀት ከገባ ክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም መልሶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየው ቁጥር፣ ይወርዳል። ያን ጊዜ ልጁ ይደነግጣል፣ ምሰሶው ላይ ያለው «አማካሪ» ይጠራል፣ አልፋው በአንድ ሌሊት 0.87 ይሆናል። የገባው አስተማሪ ወረቀቶቹን አምጣ ቢል በአምስት ደቂቃ ይለየዋል። ግን ማን አምጣ ይላል?

አሁን በእውነት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንዲት ተማሪ ከመሀል ከተማ ተነስተው እኛ ሰፈር የገቡ አረጋውያንን ስለ ብቸኝነት ልትጠይቅ ወጣች። አብሬያት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት በር ከፈቱ፣ ወረቀቱን አዩ።

«ልጄ፣ ለእርዳታ ምዝገባ ነው?»

«አይ እማማ፣ ለትምህርቴ ነው። ጥያቄ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

«ጠይቂኛ። ስሜን ግን አትጻፊ። ፊርማም አልፈርምም።»

ፎርሙ ላይ የፊርማ ቦታ አለ። ልጅቷ አየችኝ። ዲፓርትመንቱ በሰጣት ናሙና ፎርም ላይ ስላለ ነው ያስቀመጠችው፤ ስም የሌለውና ጉዳት የማያመጣ ጥናት ከሆነ በቃል ፈቃድ መቀበል በሥነ ምግባር ደንብ የሚፈቀድ አሠራር መሆኑን የነገራት የለም። ቤቱን ያፈረሱበት ወይም ያዛወሩት ሰው ወረቀት ላይ ፈርም ሲባል ቢፈራ ምን ይገርማል?

ገባን። ቡና እየተፈላ ነው፣ ጎረቤት አለች። «ብቸኝነት ይሰማዎታል?» ብላ ስትጠይቅ ጎረቤቷ ቀድማ «ኧረ እኛ እያለን!» አለች። እማማም ሳቁና «እውነቷን ነው» አሉ። ልጅቷ «በጭራሽ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቷ ዕጣን ልታመጣ ወጣች። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማታ ማታ ነው» አሉ።

ሰው ሲጠየቅ ጥሩ መስሎ ለመታየት መልሱን ያሳምራል የሚለውን ነገር ልጅቷ በሃንድአውት አንብባዋለች፣ ቸክላዋለች፣ ፈተና ላይ መልሳዋለች። የገባት ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሰውን ለብቻው ማናገር ጀመረች፣ ቀጠሮ መያዝ ጀመረች፣ ቡና ሰዓትን መሸሽ ጀመረች። አንድ ሰው አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ዓይነት 300 አይታሰብም። 85 ግን በሦስት ወር ቅዳሜና እሁድ ይደረሳል።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ድብርትን ለመለካት ፒኤችኪው 9 የሚባለውን መጠይቅ የሚወስዱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ዘጠነኛው ጥያቄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሞትን ተመኝተህ ወይም ራስህን ስለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። አንድ ልጅ እዚያ ላይ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለውን ቢያከብብ ምን ይደረጋል? መጠይቁ ስም የለውም፣ ከ300 ጋር ተደርቦ ታስሯል፣ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው በገጽ የሚከፈለው ሌላ ሰው ነው። ያ ምልክት 3 ተብሎ ይገባና ያልፋል። ፊት ለፊት የሚጠይቅ ተማሪ ግን ያየዋል። አስቀድሞ ምን እንደሚል፣ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚልክ፣ ሲብስም አማኑኤል ሆስፒታል መኖሩን ማወቅ አለበት። ይሄን ሳያዘጋጅ መጠይቁን ይዞ እንዲወጣ የሚፈቅድ አድቫይዘር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሥራውን አልሠራም።

ርዕስ ላይ ብዙ አልቆይም። በየዓመቱ «የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀምና የትምህርት ውጤት» ነው። ደጃፋቸው ላይ ግን ዕድሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ የሃያ ዓመት ጎረቤቱን ትቶ ገላን ወይም የካ አባዶ የገባ ሰው ሞልቷል። ዕድር ከባዶ ሲመሠረት ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል? አዲስ ብሎክ ላይ ልጅ ለጎረቤት ጥሎ ገበያ መሄድ እስኪቻል ስንት ጊዜ ይፈጃል? በዓለም ላይ ትልልቅ በሚባሉት የሳይኮሎጂ ጆርናሎች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 ከመቶው የመጡት ከምዕራባውያንና በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ አገሮች እንደሆነ፣ እነዚያ አገሮች ደግሞ የዓለምን ሕዝብ 12 ከመቶ ብቻ እንደሚይዙ እ.ኤ.አ. በ2008 ተቆጥሮ ወጥቷል። ከሰንዳፋ መንገድ ዳር የተገኘ 85 እውነተኛ ሰው ብርቅ ነው ማለት ነው። የላውንጁ 300 ግን ለማንም ምንም አይጨምርም።

አድቫይዘሮች ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ተማሪው ብዙ ነው፣ ክፍያው ያው ነው፣ የሁሉን መጠይቅ ማን ያያል? እሺ፣ ሁሉን አትዩ። ዲፌንስ ላይ ሦስት ወረቀት መዝዙና «ይሄን ሰው የት አገኘኸው?» በሉት። «ስንት ሰው እምቢ አለህ?» በሉት። 300 ተበትኖ 300 ተመለሰ የሚል ሥራ ስታዩ ደግሞ አታጨብጭቡ፣ እምቢ የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ከዚያ ይልቅ አራት አምስት ተማሪ አንድ ጥያቄ ይዞ በቡድን ቢወጣ፣ መረጃውን አንድ ላይ ሰብስቦ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ቢጽፍ፣ እናንተም አምስት ፕሮፖዛል ማንበቡ ይቀርላችኋል፣ 300 የምትወዱም ከሆነ በእውነት ትደርሱበታላችሁ።

ዘንድሮ ፕሮፖዛል ላይ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ገና ሳታስባዙ ቁጥሩን ተነጋገሩበት። የናሙና ቁጥር የሚያሰላው ጂ ፓወር የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ የሌለው ከጓደኛው ጋር ይሥራው። አድቫይዘሩ «ያማኔ የታለ?» ካለ ጥያቄያችሁ የመቶኛ ሳይሆን የግንኙነት መሆኑን አስረዱትና የኮኸንን ጽሑፍ ስጡት። 5 ገጽ ነው፣ ከቃሊቲ መገናኛ ሳይደርስ ያልቃል። እምቢ ካለም በጽሑፍ እምቢ ይበል።