ኮንዶርሴና ጎልተን አንድ አይደሉም
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የዩጀኒክስን፣ ማለትም ማን ይውለድ ማን አይውለድ ብሎ በመምረጥ የሰውን ዘር «እናሻሽል» የሚለውን አስተሳሰብ፣ ሥር በቀጥታ ከአብርሆት ዘመን (የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ) ፈላስፎች ይመዝዛል። በግማሹ እስማማለሁ። የዚያ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ኮንዶርሴ የሰው ልጅ ያለ ገደብ ይሻሻላል ብሎ ያምን ነበር። ተስፋው ግን ትምህርትና እኩልነት ላይ ነበር፤ ለሴቶችና ለጥቁሮች መብትም ተሟግቷል። እ.ኤ.አ. በ1883 «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እንግሊዛዊው ምሁር ጎልተን ነው ነገሩን ወደ ዘር መረጣ ያዞረው።

ከዚያ የመጣውን ሳስብ ሆዴ ይባባል። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬሪ ባክ የምትባል ወጣት እንድትመክን 8 ለ 1 ወሰነ። ዳኛ ሆምስ «ሦስት የደነዞች ትውልድ ይበቃል» ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው ትውልድ የተባለችው የኬሪ ልጅ ቪቪያን ናት። ገና የወራት ሕፃን ሳለች፣ ፊቷ ታይቶ ነው የተፈረደባት! በኋላ ትምህርት ቤት ገባች፤ ስሟም ከጎበዝ ተማሪዎች ዝርዝር ላይ ሰፈረ። በ8 ዓመቷ ሞተች። እናቷ ሌላ ልጅ መውለድ አትችልም ነበር።