ዘፈኑ የዘለለውን ሰው እንጻፍ

ጎንደር ውስጥ ልብ ወለድ የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ የሚነሡት ከዘፈን ነው። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው አንዱን ዜማ ደጋግመው ይሰማሉ፤ ከዚያ ይጽፋሉ። ይህን የማይወዱ ሰዎች ደግሞ አሉ። «ከዘፈን የተነሣ ታሪክ የውሰት ታሪክ ነው፤ ጸሐፊ ከራሱ ሕይወት ይነሣ» ይላሉ። በሥነ ጽሑፍ ምሽቶች ላይ ደጋግሜ የሰማሁት ክርክር ነው።

እኔ አልስማማም። ጎንደር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማለትማ ጭራሽ አይገባኝም።

ማታ ፒያሳ አካባቢ ካሉት አዝማሪ ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ። ማሲንቆው ተጀምሯል። አዝማሪው የገባውን ሰው ያየዋል፤ ኮቱን፣ ፂሙን፣ አብራው የመጣችውን። ወዲያው ግጥም ይወጣለታል። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት መስመር ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወርደዋል። ከወዲያ ጥግ ሌላው ለዚያ መልስ ይወረውራል። ግጥም የሰጠው ሰው ሾፌር ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ለዚያች ደቂቃ ግን ገጣሚ ነው። አድማጭ ዘፈን ሰምቶ ከዘፈኑ ላይ የራሱን ቃል ማውጣቱ እዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። ጨዋታው ራሱ ይኸው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቡርቧክስ አዝማሪ፣ ማሲንቆውን ከአባቱ ሲወርስ ይህን ልማድም አብሮ ይወርሳል።

ቤተ ክህነቱም ዘንድ ያው ነው። የቅኔ ተማሪ ከባዶ አይነሣም። ጉባኤ ቃና በሉት መወድስ፣ እያንዳንዱ የቅኔ ዓይነት የራሱ የዜማ ልክ አለው። ተማሪው ያንን ልክ በጆሮው ይዞ ቀኑን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ማታ ለመምህሩ ይነግራል። ዜማው ይቀድማል፤ ቃሉ ይከተላል።

ስለዚህ «ከዘፈን መነሣት ይገባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለኔ ያለቀ ነው። ያላለቀው «ከዘፈኑ ምን እንውሰድ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ወጣቶቹን እሞግታለሁ።

አብዛኛው የሚወሰደው ስሜቱ ብቻ ነው። ዘፈኑ ካዘነ ታሪኩም ያዝናል። ዘፈኑ ዝናብ ካለው ታሪኩም ውስጥ ይዘንባል። ገጸ ባሕሪው አፉን ሲከፍት በዘፈን ግጥም ያወራል። «ዓይንሽ» ይላል፣ «ናፍቆትሽ» ይላል፣ ስሟን እንኳ አናውቅም። የት እንደምትኖር፣ ምን ሠርታ እንደምትበላ አናውቅም። እንዲህ ያለ ታሪክ አንብቤ ስጨርስ ዘፈኑን ራሱን መስማት ያምረኛል፤ ዘፈኑ ያንኑ ነገር በአራት ደቂቃ፣ በተሻለ ድምፅ ብሎታልና።

መውሰድ ያለብን ዘፈኑ የዘለለውን ነው።

የሕዝብ ግጥማችን በብዛት የሚገጠምበት የወል ቤት በአንድ መስመር 12 ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ቃል፣ አለው፤ 6 እና 6። ሁለት መስመር ቢሆን 24 ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ሁሉም ነገር አይነገርም። ገጣሚው የግድ አንድ ሰው ይተዋል፣ አንድ ቀን ይዘላል፣ አንድ ምክንያት ይውጣል። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ትልቁ ሲሳይ ያ የተተወው ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ላንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንዲህ ተባለ፤

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እኛ የያዝነው የመጨረሻውን ግማሽ ነው፤ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ»። ስለዚያ አንድ ወንድ ብዙ ተጽፏል። የጎንደሩ ልጅ ብርሃኑ ዘሪሁን በልብ ወለድ ጻፈ። አቤ ጉበኛም በልብ ወለድ ጻፈ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለመድረክ አመጣው። ሁሉም ይገባዋል፤ አንዱንም አልጠላም።

ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ግማሽ ተመልከቷት። «የሴቱን አናውቅም»። መቅደላ ላይ እኮ እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ። የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። አባታቸውን ድል ነሥቶ ያሰረው ሰው ነው ባላቸው የሆነው። በዚያች ቀን ባላቸው ሞተ። ትንሹን ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከተራራው ወረዱ። መንገድ ላይ እሳቸውም ሞቱ። ልጁ ባሕር ተሻግሮ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ።

ያ ሁሉ በሁለት ቃል ታለፈ ማለት ነው። ገጣሚውን አልወቅስም። ከሩቅ ሆኖ ጩኸቱን እንደሚሰማ ሰው ነው የገጠመው። ደግሞ ባይዘልል ኖሮ ግጥሙ ይህን ያህል ዘመን አይዘልቅም ነበር። የልብ ወለድ ጸሐፊ ግን እስከ አፋፉ መውጣት ይችላል። ሴቲቱ ያን ቀን ያለቀሱት ለማን ነው? ለባላቸው ነው? ባላቸው አስሮ ላኖራቸው አባታቸው ነው? ወይስ ለልጁ? ይህን የሚጠይቅ ወጣት ከዘፈን ተነሥቶ የራሱን መጽሐፍ ይጽፋል። ማንም የውሰት ነው ሊለው አይችልም።

ታሪካዊ ግጥም ብቻ መሆን የለበትም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ራሴ የገጠምኩትን ላስቀምጥ፤

ከቀሃ ማዶ ላይ ጭሱ ይታየኛል፣
ቡናው የኔ ነበር ማን ይጠጣልኛል?

ተራ ግጥም ነው። ወጣቱ ጸሐፊ ናፍቆቱን ብቻ ከወሰደ ሁለት ገጽ ናፍቆት ይጽፋል። ልጠይቀው ካለ ግን ብዙ ነገር አለ። ቀሃ እኮ ትንሽ ወንዝ ነው። በበጋ ሱሪ ሰብስቦ መሻገር ይቻላል። ታዲያ ይህን ሰው የከለከለው ውሃ አይደለም። ምንድን ነው? ተጣልቶ ነው? ሽማግሌ ልኮ ተመልሶበት ነው? ቡናው «የኔ ነበር» ሲል ቤቱም የሱ ነበር ማለት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ ማዶ እሳቱን የምታራግበው ሴት አለች። ወዲህ የሚያያት ሰው እንዳለ ታውቃለች? ምናልባት እያወቀች ነው በዚያ ሰዓት የምታፈላው። ይህች ሴት በግጥሙ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችም። ታሪኩን ለሷ ስጧት።

የፍቅር ዘፈኖቻችንን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ «አንቺ» የተባለችው መልስ አትሰጥም። ትዝታው ሁሉ የሄደችዋን ይወቅሳል፣ ይለምናል፣ ይመርቃል። እሷ ለምን እንደሄደች ከራሷ አፍ አንሰማም። እንግዲህ እያንዳንዱ ትዝታ አንድ ያልተጻፈ የሴት ታሪክ አዝሏል ብል አላጋነንኩም።

እሹሩሩም እንደዚያው። እናት ለሕፃን ስታዜም የሚሰማት ቃሉን የማይረዳ ልጅ ነው። ስለዚህ ለባሏ የማትነግረውን፣ ለእናቷ የማትነግረውን ለሱ ትለዋለች። ያን እሹሩሩ ከጓዳ ወዲህ ሆኖ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው አስገቡ። አማት ብትሆንስ? ከዚያ በኋላ ታሪኩ በራሱ ይሄዳል።

ሙሾን ግን ለብቻው ላነሣው እፈልጋለሁ፤ ከወጣቶቻችን እጅ እየራቀ ያለው እሱ ነውና። ጥሩ አልቃሽ የአንድን ሰው ዕድሜ በጥቂት ስንኝ ታቆማለች። «ደግ ነበር» ብላ አትተወውም። በቅሎውን ትጠራለች፣ በሩን ትጠራለች፣ ማን ሲመጣ ከወንበሩ ይነሣ እንደነበር ትናገራለች። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀውን፣ ውሸት የማይገባበትን ነገር ትመርጣለች። ለቀስተኛው የሚያነባው ሰውየውን እዚያው ስለሚያየው ነው። ገጸ ባሕሪ አሳሳልን ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ እኔ አላነበብኩም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ጸሐፊ ሐዘኑን ይግለጽ፣ ጆሮውን ግን ክፍት ያድርግ።

ሕጉን የሚፈሩም አሉ። አጭር ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ሥራ በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐሳብን ግን አይጠብቅም። የዘፋኙን ስንኞች እንዳሉ ገልብጣችሁ መጽሐፋችሁ ውስጥ የምታትሙ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ዘፈኑ የዘለላትን ሴት ከፈጠራችሁ እሷ የእናንተ ናት።

በነገራችን ላይ መንገዱ በሌላው በኩል ከተከፈተ ቆይቷል። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. አልበሙ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ዘፈን አድርጎታል። አድማጩም በፍቅር ተቀብሎታል። ከመጽሐፍ ወደ ዘፈን መሄድ ካስመሰገነ ከዘፈን ወደ መጽሐፍ መምጣት ለምን ያሳፍራል?

ለጎንደር የአማርኛ አስተማሪዎች፣ ከሁለተኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲው፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። በዓመት አንድ ቀን እንኳ አዝማሪ ወደ ክፍል ጥሩ። ማሲንቆውን ይዞ ይምጣ። ተማሪዎቹ «ተቀበል» ይበሉት፤ እሱም ይስጣቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰማው ውስጥ አንድ ሁለት መስመር መርጦ፣ ግጥሙ ውስጥ ያልተናገረውን ሰው በአንድ ገጽ ያናግር። የቤት ሥራው ይኸው ይሁን። አዝማሪው ቢቻል ቆይቶ የጻፉትን ይስማ፤ የቱ ልጅ ጆሮ እንዳለው ከማንም በፊት የሚለየው እሱ ነው።

ክፍያው ታዲያ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍ ብር አይሁን። ለእንግዳ አስተማሪ የሚከፈለው ይከፈለው፤ ስሙ ተጽፎ፣ በፊርማ።