የጋራዡ ልጅ ውል ይፈረምለት

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ ወደ 1,400 የሚጠጉ ወጣቶች መሣሪያቸውን ይዘው ውድድር ጀምረው ነበር። ወርልድስኪልስ ይባላል፤ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የዓለም የሙያ ውድድር ነው። ግንበኛው፣ በያጁ፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ መካኒኩ፣ ፀጉር ሠሪው፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉ አለበት። ሊዮን ላይ የቀረቡት ሙያዎች 59 ነበሩ። ሲጀመር ግን ትንሽ ነገር ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ላይ የተገናኙት የስፔንና የፖርቱጋል ወጣቶች ብቻ ናቸው፤ ቁጥራቸውም 24።

የዚህ ውድድር ወሬ ሲመጣ እኛ ጋ አንድ ሐሳብ አብሮ ይመጣል። ሜዳሊያ የሰበሰቡትን አገሮች አይተን የእነሱን የሥልጠና ሥርዓት እንቅዳ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሊዮን ላይ ቻይና 36 ወርቅ ወስዳ አንደኛ ወጣች። ደቡብ ኮሪያ በ10 ወርቅ ተከተለች። በሥራ ላይ ሥልጠናዋ ዓለም የሚያደንቃት ጀርመን ግን ከሰንጠረዡ አናት ላይ የለችም። ኮሪያ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛነቱን ደጋግማ ወስዳዋለች። ትልልቅ ኩባንያዎቿ ለውድድሩ ብለው ወጣቶችን ለይተው ያዘጋጃሉ። እንዲያም ሆኖ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራንና ትምህርትን ያጣመረ ሥልጠና ጀመረች፤ ልምዱን የወሰደችው ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ ነው። ሜዳሊያ የሚያሳየን የተመረጠው ልጅ ምን ያህል እንደ ተዘጋጀ ነው። ያልተመረጠው ምን እንደሚማር አያሳይም።

ታዲያ ከጀርመን ምን እንይ ካልን፣ ወረቀቷን እንይ። እዚያ መካኒክ መሆን የፈለገ ልጅ መጀመሪያ ከጋራዡ ጋር ውል ይፈርማል። ሥልጠናው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና በወር ስንት እንደሚከፈለው ውሉ ላይ ይጻፋል። ውሉ በሙያው ምክር ቤት፣ ማለትም የሙያው ድርጅቶች በተሰባሰቡበት ማኅበር፣ ይመዘገባል። ልጁ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጋራዥ ይውላል፤ አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ሙያ ትምህርት ቤት። የሚያሠለጥነው ሰው ራሱ ማሠልጠን መቻሉን ተፈትኖ ያለፈ ነው። መጨረሻ ላይ የሚፈትነው ምክር ቤቱ ያቋቋመው ኮሚቴ ነው። ስለዚህ የጋራዡ ባለቤት ስለወደደው አያልፍም፤ ስለጠላውም አይወድቅም። ይህን ሁሉ የሚገዛው በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለተለማማጅ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል ተቀምጦለታል።

ስዊዘርላንድም ከወጣቶቿ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በሙያ ሥልጠና ያልፋሉ። ወላጅ ልጁን ያለ ጭንቀት የሚልከው መንገዱ ስለማይዘጋ ነው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተለማማጁ የሙያ ማትሪክ ወስዶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግባት ይችላል።

እኛስ? ሕጉ እኮ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ መልመድ ውል ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውም ገንዘብ እንዲገለጽ ይላል። እስኪ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ እስከ አዘዞ ጋራዥ ለጋራዥ ዙሩና ጠይቁ። እንዲህ ያለ ውል በእጁ የያዘ ልጅ ብታገኙ በጣም ይገርመኛል።

ልጆቹ ግን አሉ፤ ሥራውም በእነሱ እጅ ነው። አንድ የማውቀው አለ። መኪና እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ ሞተሩን ያስነሣና የካንዴላ ገመዶቹን እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ አንድ በአንድ ይነቅላል። የመጀመሪያውን ሲነቅል ድምፁ ይወርዳል፤ ይመልሰዋል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲነቅል ድምፁ ምንም አይለወጥም። «ይሄኛው ነው የማይሠራው» ይላል። ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ያያል። በዘይት ከረጠበ ካንዴላ መቀየር ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ፣ ሞተሩ ከውስጥ ዘይት እያሳለፈ እንደሆነ ለባለ መኪናው ያስረዳዋል። ይህን ያስተማረው የለም፤ ዓይቶ ነው የለመደው። የሚያገኘው የምሳ ገንዘብና ባለቤቱ ደስ ሲለው የሚጨምርለት ነው። ነገ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢሄድ፣ መካኒክ ነኝ ለማለት የሚያሳየው ወረቀት የለውም። እጁ ቢጎዳ ደግሞ ቤቱ ይገባል፤ በቃ።

በሌላ በኩል የኮሌጁ ሠልጣኝ አለ። በትብብር ሥልጠናው ደንብ 70 በመቶውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በተቋም መማር አለበት። በወረቀት ሲታይ ከጀርመኑ ብዙም አይርቅም። ጋራዥ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ጥግ ይዞ ያያል ወይም መኪና ያጥባል፤ ከዚያ ተፈርሞለት፣ ማኅተም ተመትቶለት ይመለሳል። ባለ ጋራዡን አልወቅሰውም። ልጁ የደንበኛ መኪና ቢያበላሽ ማን ይከፍላል? ለማስተማር የሚያጠፋውን ሰዓትስ ማን ይክሰዋል? ያልተዋዋለውን ነገር እንዲፈጽም መጠበቅ ልክ አይደለም።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። ፋሲል ግንብን ያቆመው የባለ እጅ ሙያ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠግኖ ነበር፤ ኋላ ላይ ያ ሥራ ተነሥቶ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ኖራውን ውኃ አጠጥቶ ማሳደር፣ ከአሸዋ ጋር መመጠን፣ ድንጋዩን አስማምቶ ማስቀመጥ ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጎን ሆኖ የሚለመድ ነው። እንዲህ ያለው እውቀት ግን በዚሁ አገር የስድብ ምክንያት ሆኖ ኖሯል። በአካባቢያችን የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ግንበኞች በሙያቸው ስንት ነገር ተብለዋል። ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ዐፄ ምኒልክ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬም «ልጄ ቴክኒክና ሙያ ገባ» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች አሉ። እነዚህ ሁሉ ልጆች የት እንዲሄዱ ነው የምንፈልገው?

እኔ የምለው ይህ ነው። የከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ፈቃደኛ ከሆኑ ጥቂት ጋራዦች ይጀምር። አንድ ገጽ ውል ይዘጋጅ፤ ጊዜው፣ ክፍያው፣ የአደጋ ዋስትናው ይጻፍበት። ከኮሌጁ አንድ አሠልጣኝ በየጊዜው ጋራዥ ድረስ ሄዶ ልጁ ምን ላይ እንደደረሰ ይይ። ልጁ ሲደርስ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ይመዘን፤ የምዘናውን ክፍያ ከእሱ አትጠይቁት። የብቃት ምዘና ካለፈ የጋራዡም ልጅ እንደ ኮሌጁ ልጅ ሰርተፊኬቱን ይያዝ።

የአገራችንን ዓመታዊ የክህሎት ውድድርም ክፈቱለት። አሁን የሚወዳደሩት በዋናነት ሠልጣኞች፣ አሠልጣኞችና ኢንተርፕራይዞች ናቸው፤ የጋራዡ ልጅ በአንዱም ስም አይገባም። ከወርልድስኪልስ መቅዳት ካለብን አሠራሩን እንቅዳ። ሥራው በሕዝብ ፊት ይሠራል። ነጥቡ ለምን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተዘርዝሮ ይታወቃል። ዳኛው የአገሩን ልጅ ሥራ አይዳኝም። እኛም ያሠለጠነ ሰው የራሱን ልጅ አይዳኝ እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት መኪና ጥገና ብቻ ይበቃል። ጎንደር መስቀል አደባባይ ላይ ተመሳሳይ ብልሽት ያለባቸው ሁለት ሞተሮች ይቁሙ። በአንዱ የኮሌጁ ሠልጣኝ፣ በሌላው የጋራዡ ልጅ ይሥራ፤ ወላጆቻቸውም መጥተው ይዩአቸው።