መኪናው ሲቆም እኔም የቆምኩ መስሏቸዋል

አሁን ከቢሮ ወጣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ።

የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። አዲስ አበባ አጠገብ ገላን፣ የሚያራግፍልኝ አጥቼ መጋዘን በር ላይ ሦስት ቀን ቆሜ ነበር። ዛሬ የጉዞ ሂሳብ ልዘጋ ሄድኩ። የሂሳብ ክፍሉ ልጅ ቀና ሳይል «ፋዘር፣ የስድስት ቀን አበል ነው ያለህ» አለኝ። ከወጣሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው አልኩት። መኪናው የት እንዳለ የሚያሳየውን ኮምፒውተር ወደኔ አዞረና በእስክሪብቶ እየነካካ «ጂፒኤሱን እየው። ከማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ጀምሮ መኪናው ቆሟል። ለቆመ መኪና ምን ብለን ነው የምንከፍለው?» አለ።

መኪናው ይቁም፣ እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ አልኩት።

«ተኝተህ ነበራ ፋዘር! እኛም እንዲህ ተኝተን አበል ቢታሰብልን!»

አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች። ከኋላዬ ሁለት ሹፌሮች ቆመዋል፤ አንዱ በረዳትነት ጀምሮ እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው። መሬት መሬት ያያል። 22 ዓመት መሪ ይዣለሁ። አንድ ሰው አልገጨሁም። የልጄ እኩያ ተኝተህ ነበር ይበለኝ?

እንዴት እንደተኛሁ ልንገራችሁ።

የጫንኩት ሩዝ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ ባለ ዕቃውና አውራጆቹ በዋጋ ተጣልተዋል። እሱ ይህን ያህል ይላል፣ እነሱ አንነካም ይላሉ። በሩ ተዘጋ። እኔና ረዳቴ ጭቃው ላይ ቀረን። ረቡዕ ማታ ዝናቡ ወረደ። ሸራው መሀሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ውሃ ያቁራል። ካልገፋኸው በስፌቱ ይገባል። አንድ ጆንያ ቢረጥብ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ረዳቴ ከላይ ወጥቶ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፋ ያፈሳል፣ እኔ ከታች ባትሪ አበራለታለሁ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲህ ነው ያደርነው። ረዳቴ ሲወርድ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ጋቢና አስገብቼ ጋቢዬን አለበስኩት።

ሐሙስ ሌሊት ደግሞ የናፍጣ ሌቦች መጡ። ቱቦና ጀሪካን ይዘዋል። ውሻ ስለጮኸ ነው የነቃሁት። ክሪኩን ይዤ ስወርድ ሮጡ። የታንከሩ ክዳን ግማሽ ተፈቷል። ቢቀዱት ኖሮ ማን ይከፍል ነበር? የሂሳቡ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ያየው ይሆን?

ሽንት ቤት እንኳ የለም። የመጋዘኑ ጥበቃ ግቢ አያስገባም። አስፋልቱን ተሻግረህ ሻይ ቤት ትሄዳለህ። ሳትጠጣ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ሳያምርህ ሻይ ታዛለህ። በቀን አራት ጊዜ፣ ለሁለት ሰው። ይህ ሁሉ ከኪሴ ነው።

በዚሁ ጂፒኤስ እኮ መተሐራ ምሳ ልበላ አንድ ሰዓት ስቆም ያዩኛል። ወዲያው ስልክ ነው። «ለምን ቆምክ? ዕቃው ይፈለጋል።» ያኔ መቆሜ ጥፋት ነው። ገላን ላይ ሦስት ቀን ስቆም አንድ ሰው «በላህ ወይ?» ብሎ አልደወለም። ያኔ መቆሜ ዕረፍት ነው።

ሕጉን ደግሞ አውቀዋለሁ። ልጄ ናት ስልኬ ላይ የጫነችልኝ፣ ጅቡቲ ተራ ስጠብቅ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አዋጅ 1156/2011፣ አንቀጽ 61። የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ሥራውን የሚሠራበት ብቻ አይደለም፤ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘበትም ጊዜ ነው። በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ስልኬን አውጥቼ ለሂሳቡ ልጅ አሳየሁት። አላነበበውም። «እሱ ለፋብሪካ ሠራተኛ ነው ፋዘር» ብሎ መለሰልኝ። የት ላይ ነው ለፋብሪካ ብቻ የሚለው? አሳየኝ አልኩት። «ወረፋ አታስተጓጉል፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ።

8 ሰዓት! ከአፋር ሎጊያ ሌሊት 10 ሰዓት ጭነህ ስትነሳ ስምንቱ ሰዓት አዋሽ አካባቢ ያልቃል። እዚያ አቁሜ ልተኛ? አዳማን አልፈህ ሞጆ ደረቅ ወደብ ካልገባህ ማን ያናግርሃል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይለፍ ይላል ያው ሕግ። የቀኑ አንድ ተኩል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ያለው 1.75 እጥፍ፣ የበዓል ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ። እኔ ያለፈውን ፋሲካ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ጋላፊ ነው የዋልኩት። ሰልፉ ንቅንቅ አይልም፣ ሙቀቱ ጎማ ያቀልጣል። ልጄ ደውላ «አባዬ፣ ዶሮውን ሳንበላ እንጠብቅህ?» አለችኝ። ብሉ አልኳት። ሁለት ተኩል ቀርቶ የዚያን ቀን ግማሽ የከፈለኝ የለም።

መርካቶ የሚገባ ጭነት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት አዲስ አበባ መግቢያ፣ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳለህ። ከባድ መኪና ቀን ከተማ አይገባም። መንገድ ዳር ስትጠብቅ ውለህ ማታ ትገባለህ፣ ሌሊቱን ስታራግፍ ታድራለህ፣ ጠዋት «ሞጆ ድረስ» ይሉሃል። ደክሞኛል ስትል «ቀን ቆመህ ነበር አይደል?» በዚህ ዓይነት እንቅልፍ እኮ ነው ሰው ከሚኒባስ ጋር የሚጋጨው። የዚያን ቀን ዜናው «በአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ማን ይጠይቃል?

አበሉም አበል መሰላችሁ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ጎማ ጨመረ፣ ዘይት ጨመረ፣ መለዋወጫ ጨመረ ብለው የጭነት ዋጋ አስተካከሉ። ይሁን፣ እውነት ነው ጨምሯል። እኔ የምበላው ፍርፍርስ? አበሌ ያኔ የነበረው ነው። ሚሌ ላይ አልጋ ይዤ ካደርኩ እራት አይተርፍም። ስለዚህ ጋቢና ነው የማድረው። ወገቤን ሐኪም «ተቀምጠህ አትዋል» ብሎኛል። ምን ልበለው?

ሥራ አስኪያጁ ጋ ልግባ አልኩ። ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። አንድ ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ሲወጣ ስልክ እያወራ አለፈኝ። ማመልከቻ ጽፌ ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። «ደረሰኝ» ብለሽ ፈርሚልኝ አልኳት፣ አልፈርምም አለች። ሂሳቡ ላይ እኔም አልፈረምኩም። ሦስቱ ቀን ካልገባ አልፈርምም።

ይህን እየጻፍኩ መኪና የሚመድበው የስምሪት ክፍል ሰው ደወለ። ማታ 2 ሰዓት ሞጆ ግባ፣ ሌሊቱን ትጭናለህ አለኝ። ሦስት ቀኔስ አልኩት። «እሱ የሂሳብ ክፍል ጉዳይ ነው» አለ።

ቤት ሳልሄድ ነው የምወጣው። የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ በዚያች ሦስት ቀን ላይ የተመካ ነበር። እናቷ ጋ ደውዬ እስኪ ከዕቁብ ጸሐፊው ጋ ተነጋገሪ አልኳት። ረዳቴ ጀሪካኖቹን ውሃ እየሞላ ነው። ሸራውን ደግሞ ቀዳዳዋ ላይ ሰፍቶልኛል፣ ማንም ሳያዘው።