ባለ አንድ ቁልፍ ኮምፒውተር

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሰኞ ባንክ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የባንኩን ስም አልጠራም፤ የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም። እዚያ ሰልፍ ላይ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁም ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበራችሁ።

የጡረታ ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። ከእኔ ሦስት ሰው ቀድመው አንዲት እናት ቆመዋል። ሰባ አምስት ቢሆናቸው ነው። ነጠላቸው ንጹሕ ነው። ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሂሳባቸው ከፋይዳ ጋር እንዳልተሳሰረ ነገረቻቸው። እሳቸው ለፋይዳ አሥር ጣታቸውን፣ ሁለት ዓይናቸውን፣ ፊታቸውን አስነስተው ጨርሰዋል። አሁን ደግሞ ኮድ ተባሉ። “ስልክዎ ላይ ይገባል፣ ያንብቡልኝ።”

መነጽራቸውን ከቦርሳ አወጡ። መሐረቡን ፈቱ። ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው። መልእክቱን ሲከፍቱት ሎተሪ፣ የጥሪ ዜማ፣ የፓኬጅ ማስታወቂያ ሞልቶታል። ኮዱ ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱ ነው። አገኙትና ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርሱ “ጊዜው አለፈ፣ ድጋሚ ይላካል” ተባሉ። ሁለተኛው መጣ። እሳቸው የመጀመሪያውን አነበቡላት። “ይሄ የቅድሙ ነው እማማ!” ሦስተኛው እስኪመጣ ልጅቷ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር።

“ልጅ የለዎትም? ልጅ ይዘው ይምጡ።”

ዝም አሏት።

ይሄኔ ከኋላ አንድ ወጣት ትዕግሥቱ አልቆ ወጣና ስልኩን ከእጃቸው ወሰደው። ወሰደው ነው የምለው፤ አልጠየቃቸውም። ነካካና ኮዱን ለልጅቷ ጠራላት። ቀጥሎ የሞባይል ባንኪንጉም መከፈት አለበት ተባለ። ልጁ ቀና ሳይል “ፒን ስንት ነው እማማ?” አላቸው። እሳቸውም ነገሩት። አራቱንም ቁጥር፣ አንድ በአንድ፣ በደንብ እንዲሰማቸው ጮክ ብለው። ሰልፉ በሙሉ ሰማ። አንዱ “እኔም ጻፍኩት!” አለ። ተሳቀ። ሌላው “ኧረ ለእነዚህ ባለ አንድ ቁልፍ ኮምፒውተር ይሠራላቸው” አለ። የባሰ ተሳቀ። ጥበቃው ሳቀ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ።

እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ስልካቸውን ተቀበሉ። በመሐረቡ መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለመሐረቡ የሚነግሩት ይመስል “እኔ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፒስት ነበርኩ” አሉ። ወጡ። ገንዘባቸውን አልወሰዱም።

ታይፒስት ማለት ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ፣ አልፈርድባችሁም። የአማርኛ ፊደል ዲቃሎቹን ሳንቆጥር ሠላሳ ሦስት በሰባት፣ 231 ነው። የጽሕፈት መኪናው ቁልፍ ግን ከሃምሳ አይበልጥም። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ሁሉ ፊደል እዚያች መኪና ላይ ለማስገባት ፊደሉን መበጣጠስ ነበረባቸው። ታይፒስቷ መጀመሪያ ግንዱን ትመታለች፣ ከዚያ እግሩን ወይም ክንዱን ትቀጥልለታለች። “ኩ” ለመጻፍ አንድ ምት አይበቃም። ይህን ወረቀቱን እንጂ ጣቷን ሳታይ ነው የምትሠራው። ከሥሩ ሁለት ሦስት ካርቦን አለ፤ ከተሳሳተች ሁሉም ላይ ተሳስታለች። ለማባዣ የሚመታው ስቴንስል ከሆነማ አለቃዋ እንዳያይባት ቀለም ቀብታ፣ እፍ ብላ አድርቃ፣ መልሳ ትመታለች። የተመታውን ማጥፊያ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። እኛ ዛሬ “አብሮህ” ለማለት ስልኩ ራሱ “አብረሃም” ብሎ ሲያርምልን ዝም ብለን የምንልክ ሰዎች ነን እኚህን ሴት ማሽን አይገባቸውም ብለን የሳቅነው።

ስታስቡት አያሳፍርም? እኔን እያሳፈረኝ ነው፣ ስድስት ቀኑ።

ደግሞ ትናንት የተማርነውን ከማኅፀን ይዘን እንደወጣን መቁጠራችን! በአዲስ አበባ ነዳጅ በስልክ ብቻ ይከፈል የተባለው ሚያዝያ 2015 ላይ ነው። ቴሌብር ከተጀመረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያ ሰሞን ማደያ ላይ “ኔትወርክ የለም” እያልኩ ከኋላዬ ያለውን መኪና ሁሉ ያቆምኩት እኔ ነበርኩ። ኔትወርኩ ነበረ። ፒኔን ረስቼው ነው። ቀጂው ልጅ ገብቶታል፤ ግን “ቀስ ብለህ ሞክር፣ ችግር የለም” ብሎ ሌላ መኪና ቀዳ። ጎልማሳ ወንድ ስለሆንኩ ባለ አንድ ቁልፍ ይሠራለት ያለኝ የለም።

አሁን ቀልዱን ወደ ቁም ነገር ልመልሰው፤ ቀልድ ብቻ አይደለምና። ለአዛውንት የተለየ ኮምፒውተር፣ የተለየ ስልክ ይሠራ የሚል ሐሳብ በዓለም ላይ አለ። ጃፓን ውስጥ ፉጂትሱ “ራኩ ራኩ” የሚባል ስልክ ሠርቷል፤ ቀላል እንደማለት ነው። አሜሪካም ቁልፉ ትልልቅ የሆነ ስልክ ተሸጧል፤ ከሐሳቡ ጀርባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያውን የእጅ ስልክ ጥሪ ያደረገው ማርቲን ኩፐርና ባለቤቱ ነበሩበት። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ዓይኑ ለደከመ፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ትልቅ ቁልፍ ጸጋ ነው።

እኔም ለእናቴ ገዝቼላት ነበር። ባለ ትልልቅ ቁልፍ፣ ድምፁ ሰፈር የሚቀሰቅስ። የድሮዋን ስማርት ስልክ ወስጄ ለእኅቴ ልጅ ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ፣ የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ። እናቴ “እግዜር ይስጥልኝ” አለችና ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጠይቃት “ይሄ እኮ ኢሞ የለውም” አለችኝ። ታናሽ እኅቴ ዱባይ ናት። እናቴ በኢሞ ፊቷን እያየች ታወራት ነበር። ማን እንዳስተማራት ታውቃላችሁ? ማንም። የልጇ ፊት እዚያ ውስጥ ስለነበረ ፈልጋ አገኘችው። እኔ ነገሩን ላቀልልላት ብዬ ልጇን ነጥቄአት ሁለት ሳምንት ቆየሁ።

ስለዚህ ያቺ ታይፒስት የቸገራቸው ምን ነበር? እስኪ ረጋ ብላችሁ አስቡት። መነጽር እስኪያወጡ የሚጠብቅ ኮድ። በአማርኛ የተጻፈ፣ ከሎተሪው ማስታወቂያ የሚለይ መልእክት። አንድ ወንበር። “የኋለኛውን ነው የምፈልገው እማዬ፣ ከላይ ያለውን” የሚል አንድ ሰው። ስማርት ስልክ ቢይዙ እንኳ ፊደል ማተለቂያው እዚያው ቅንብሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስልክ ስትገዙላቸው የከፈታችሁላቸው ስንቶቻችሁ ናችሁ? “ጨ”ን ከ“ጩ” ለመለየት እኔም ስልኩን ወደ ዓይኔ ማስጠጋት ጀምሬአለሁ፣ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ያ ሁሉ የሚስተካከለው ለሽማግሌ ተብሎ ሳይሆን ለሰው ተብሎ ነው። ለአራስ እናትም፣ ከገጠር ትናንት ለመጣ ልጅም፣ ማደያ ላይ ፒኑን ለረሳ ደረቅም ይጠቅማል።

እናንተ መተግበሪያ የምትሠሩ ልጆች፣ ሥራችሁን አከብራለሁ። ግን ለሙከራ የምትሰጡት ለጓደኛችሁ ነው። አንድ ቀን ለአያታችሁ ስጡና አጠገቧ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እናንተ መስኮት ላይ ያላችሁ፣ ከኋላ የሚገፋችሁ ሰልፍ እንዳለ፣ አለቃ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም “ልጅ ይዘው ይምጡ” አትበሉ። የሌላቸው አሉ። የቀበሩ አሉ። ያ ስልኩን የነጠቀው ልጅስ? እንደ እውነቱ ከእኛ ሁሉ እሱ ይሻላል። ቢያንስ ከቦታው ተነሥቷል። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የሳቅኩት። “ፒን በሰው ፊት አይነገርም እማዬ፣ ራስዎ ያስገቡት” ለማለት አምስት ሰከንድ ነበረኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን ማለት የነበረበት እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ ወደዚያ ባንክ ተመልሼ ሄድኩ። ምን ልላቸው እንደነበር አላውቅም። አልነበሩም። ፒናቸውን ቀይረው ይሆን? ማን ቀየረላቸው?

ወገኖቼ፣ በአንድ ጽሑፍ እንደማንለወጥ አውቃለሁ። በመጪው ወር መጀመሪያም ይሳቃል። እኔ ግን ቢያንስ ከቤቴ ልጀምር ብዬ እሁድ እናቴ ጋ ሄድኩ። ያን ስማርት ስልክ ከእኅቴ ልጅ መልሼላታለሁ፤ ፊደሉን አተለቅኩት። የዕድሯን መዋጮ ለሰብሳቢዋ በስልክ መላክ ፈልጋለች። ልንካው፣ ልቀማት፣ ላሳያት ብዬ ጣቴ ሲበላኝ ሁለቱንም እጆቼን ታፋዬ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። ሁለቴ መተግበሪያው ወጣባት። አንዴ ለሰብሳቢዋ በመላክ ፈንታ ካርድ ልትሞላ ነበር፤ ራሷ አየችውና “አይ፣ ይሄ አይደለም” ብላ ተመለሰች። ቡናው ቀዘቀዘ። ሰብሳቢዋ እንዳልሄደች በመስኮት ሁለቴ አየን። አርባ ደቂቃ ግድም ፈጀብን።

መጨረሻ ላይ ፒን ጠየቃት። ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ከለል አድርጋ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

“ዞር በል” አለችኝ።

ዞርኩ።