ቻርጅ የሚያደርግ ገመድ ሁሉ ፋይል አያስተላልፍም፤ ይህን የሚነግረን ግን የለም

ባለፈው ሐሙስ ደሴ ሆጤ በሚገኘው ቤቴ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ያመሸሁት አንድ ቪዲዮ ከስልኬ ለመገልበጥ ነበር። ቪዲዮው አያታችን ኮምቦልቻ ባለው ቤታቸው ተቀምጠው ወደ ጅዳ የምትሄደውን ታናሽ እህቴን ሲመርቋት የቀረጽኩት ነው። ርዝመቱ 38 ደቂቃ፣ መጠኑ ደግሞ ከ3 ጊጋባይት በላይ ነው። እህቴ በማግስቱ ንጋት ከመናኸሪያው ወደ አዲስ አበባ ስለምትሳፈር በፍላሽ አድርጌ እንደምሰጣት ቃል ገብቼላት ነበር። ቴሌግራም ያለ ክፍያ ለሚጠቀም ሰው ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ በስልክ ለስልክ እንዳልልክላት የእርሷ ስልክ ሞልቷል። የቀረው መንገድ ገመድ ብቻ ነበር።

ገመዱን በዚያው ሳምንት እዚሁ ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ በ250 ብር ገዝቼዋለሁ። «ፋይል ያስተላልፋል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «አብሽር ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ። ቤት ገብቼ ስሰካው ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም እንዳልተሰካበት ሁሉ ዝም አለ። ሌላ ሶኬት ላይ ሞከርኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ቻርጅ እያደረገ ስለነበር ገመዱን ፈጽሞ አልጠረጠርኩትም፤ ጥፋቱን በስልኩና በኮምፒውተሩ ላይ ስፈልግ ሁለት ሰዓት አለፈ።

መፍትሔው የተገኘው ስልክ ከሚጠግን የጎረቤት ልጅ ነው። የራሱን ገመድ አውሶኝ ሲሰካው ኮምፒውተሩ ወዲያውኑ ድምፅ አሰማ። ከዚያም የእኔን ገመድ በፈቃዴ በምላጭ ሰነጠቀውና ውስጡን አሳየኝ። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ በደንቡ አራት ሽቦ አለው፤ ቀዩና ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ፣ ነጩና አረንጓዴው መረጃ ያመላልሳሉ። በእኔ ገመድ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ቀይና ጥቁር። መረጃ የሚሄድበት መንገድ ከመጀመሪያውም አልተሠራለትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለት ሽቦ ያለው ገመድ መኖሩ አይደለም። ለቻርጅ ብቻ የሚፈልገው ሰው አለ፣ በዚያው ስም ይሸጥለት። የሚያንገበግበኝ ሁለቱም በአንድ መስቀያ ላይ ተሰቅለው፣ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው፣ አንዳችም ልዩነት ሳይጻፍባቸው መሸጣቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ታይፕ ሲ የተባለው የገመድ ጫፍ ችግሩን ይበልጥ ሸፈነው እንጂ አልፈታውም፤ ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ውስጡም አንድ ዓይነት ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይፎን 15 እንኳ ታይፕ ሲ ሶኬት ይኑረው እንጂ ፋይል በገመድ የሚያስተላልፈው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት፣ ማለትም ቢበዛ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። ጫፉን አይቶ ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል?

ደህናው ገመድ ከተሰካ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ኮምፒውተሩ የስልኩን ስም አሳየኝ፤ ስከፍተው ግን ባዶ ነው። ስልኩ በራሱ ፈቃድ «ቻርጅ ብቻ» የሚለውን መርጦ፣ ይህንንም ከላይ ወደ ታች ተስቦ በሚወርደው የማሳወቂያ ዝርዝር ውስጥ ደብቆ ተቀምጧል። በእርግጥ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ቻርጅ ስናደርግ ፎቶዎቻችን እንዳይገለበጡ ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን በስክሪኑ መሐል ግልጽ ጥያቄ አቅርቦ መልሴን መጠበቅ ይችል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የመገልበጡ ሥራ ነው። ቀደም ሲል አንድሮይድ ስልክ በገመድ ሲሰካ እንደ ፍላሽ ይከፈት ነበር፤ ሆኖም ኮምፒውተሩ ማኅደሩን ጠቅልሎ ስለሚረከብ ስልኩ በዚያ ሰዓት ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ኤምቲፒ ወደሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ የተዞረው በዚህ ምክንያት ነው። በኤምቲፒ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፋይል ከስልኩ እየጠየቀ ይቀበላል፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሥራ አያስኬድም፣ መሐል ላይ ከተቋረጠም ካቆመበት አይቀጥልም። ብዙ ሺህ ፎቶ ያለበትን ፎልደር ስከፍት አረንጓዴው መስመር እየተንፏቀቀ ያስጠበቀኝ ለዚህ ነው። ቪዲዮውን ከሌሎች የቤተሰብ ፎቶዎች ጋር አብሬ መርጬ ማስገልበጥ ጀመርኩ፤ ከግማሽ በላይ እንደሄደ መብራት ጠፋ።

መብራቱ ሲመለስ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። እንደገና ስጀምር ኮምፒውተሩ «ይህ ፋይል አስቀድሞ አለ፤ ይተካ ወይስ ይታለፍ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሙም መጠኑም ትክክል ስለነበር «ይታለፍ» አልኩ። ያ ፋይል መብራት ሲጠፋ በግማሽ የቀረው መሆኑን የሚናገር አንድም ቃል አልተጻፈም ነበር። የቀሩት ፎቶዎች በሰላም ተገለበጡ፤ ሁሉንም ወደ ፍላሹ አዛወርኩና ሰባት ሰዓት ላይ ተኛሁ። ንጋት ላይ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት ፍላሹን በእጇ አስጨበጥኳት።

ቅዳሜ ማታ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ፍላሹን በዘመድ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ፎቶዎቹን ሁሉ አይታለች፤ የአያታችን ምርቃት ግን አልከፈት ብሏታል። በረራዋ በዚያው ሌሊት ነበር።

ፒያሳና አራዳ ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመሸጣችሁ በፊት ገመዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አሳዩን፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፋይል የማያስተላልፈውን ለይታችሁ በትልቁ «ለቻርጅ ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት። እኔ የተሰነጠቀውን ገመድ ይዤ ሰኞ ጠዋት ወደገዛሁበት ሱቅ እሄዳለሁ። ቪዲዮውን ደግሞ አሁን ከስልኬ ላይ ለሁለት እየቆረጥኩት ነው፤ እህቴ ጅዳ ገብታ ኔትወርክ ስታገኝ በቴሌግራም ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት ብዬ እልክላታለሁ።