ሽፋኑ ተቀየረ፣ ስህተቱ ቀረ

አሁንስ በዛ! የኔትወርክ ሰርተፊኬት መዘጋጃ መጽሐፉን ስህተቶች ገጽ በገጽ ለቅሜ ለአሳታሚው ልኬ ነበር። ትናንት አዲሱን እትም ገለጥኩ። ሽፋኑ አዲስ ነው። ስህተቱ ያው!

የ192.168.1.64/26 ብሮድካስት አድራሻ፣ ማለትም በአንድ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፋይ) ላሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንዴ የሚላክበት የመጨረሻው አድራሻ፣ ስንት ነው? መልሱ መጨረሻው 128 ነው ይላል። እንዴት ሆኖ? በ/26 እያንዳንዱ ሰብኔት 64 አድራሻ ነው ያለው። ከ64 ተነስቶ 127 ላይ ያልቃል። 128 እኮ የሚቀጥለው ሰብኔት መነሻ ነው!

ኤስኤስኤችን ፖርት (የአገልግሎት መለያ ቁጥር) 23 ላይ አስቀምጦታል። 23 የቴልኔት ነው፤ ኤስኤስኤች 22 ነው። ሁለቱም ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ ናቸው፤ ግን ኤስኤስኤች የይለፍ ቃልህን መስጥሮ ይልካል፣ ቴልኔት እርቃኑን። ይሄ ይምታታል?

እኔስ ጠርጥሬ አጣራሁ። ገና የጀመረው ልጅስ? ወረቀት ላይ ሦስቴ ሠርቶ ሦስቴም 127 ያገኛል። መልሱን ሲያይ 128። ከዚያ የራሱን ትክክል መልስ ይሰርዛል። "አልገባኝም ማለት ነው" ብሎ ያድራል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለፈተናው ከፍሎ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ስህተት ሸምድዶ ሊገባ?

አንድ ቁጥር ማረም ይሄን ያህል ይከብዳል?